«በልብህ ቁጥር ያዝ»፦ ልጆች ከስሌት ወደ አልጀብራ እንዴት ይሻገሩ?

መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን አጣርቶ የሚሠራ ልጅ፣ ደብተሩ ላይ ፊደል ከቁጥር ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ድንገት ይደናገራል። ዐምና በሒሳብ የተመሰገነው ተማሪ ዘንድሮ «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት ይጀምራል። ወላጅ ልጁ የሰነፈ ይመስለዋል፤ መምህሩ በታችኛው ክፍል በሚገባ እንዳልተማረ ይገምታል፤ ልጁ ደግሞ ጭንቅላቱ ለሒሳብ እንዳልተፈጠረ ለራሱ ይነግራል። ሦስቱም ግምቶች ብዙ ጊዜ ስሕተት ናቸው።

የችግሩ ሥር ሌላ ነው። ከስሌት ወደ አልጀብራ የሚደረገው ጉዞ በዚያው መንገድ ትንሽ ወደ ፊት መራመድ ሳይሆን መንገድ መቀየር ነው። ልጁ ለዓመታት የለመዳቸው ምልክቶች በአዲሱ ትምህርት ትርጉማቸው ይሰፋል። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ አዲሱን ነገር በአሮጌው ልማድ ሊሠራው ይሞክራል፤ አልሆን ሲለውም ተስፋ ይቆርጣል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። 8ኛ ክፍል ሲጠናቀቅ ተማሪዎች ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፊዚክስና ኬሚስትሪም ሆኑ የከፍተኛ ክፍሎች ሒሳብ በአልጀብራ ላይ የቆሙ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ሐሳቡን አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ ያልጨበጠ ልጅ ሁለት ዳገት በአንድ ጊዜ ይወጣል። ግብርና ኮሌጅ የሚገባው፣ ሞተር የሚጠግነው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ የሚይዘው ወጣት ሁሉ ይህን ድልድይ መሻገር አለበት።

ይህ ጽሑፍ ድልድዩ የት ላይ እንደሚያንሸራትት፣ መምህራንና ወላጆችም ልጆችን እንዴት ሊያሻግሩ እንደሚችሉ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት የገበያ ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ስሌት ወዴት፣ አልጀብራ ከየት?

«አንድ ገበሬ 3 በጎችን እያንዳንዳቸውን በ10 ሺህ ብር ሸጠ፤ ስንት ብር አገኘ?» የሚለው የስሌት ጥያቄ ነው። የሚታወቁት ቁጥሮች ተሰጥተዋል፤ የቀረው ማባዛት ነው። መልሱ 30 ሺህ ብር ይሆናል።

አሁን ጥያቄውን እናዙረው። «ገበሬው 3 በጎችን በእኩል ዋጋ ሸጠ፤ በኪሱ የነበረውን 2 ሺህ ብር ሲጨምርበት 32 ሺህ ብር ሆነለት። የአንዱ በግ ዋጋ ስንት ነበር?» ይህንንም ጎበዝ ልጅ በስሌት ይወጣዋል። ከ32 ሺህ ላይ 2 ሺህ ይቀንሳል፤ የቀረውን 30 ሺህ ለ3 ያካፍላል፤ 10 ሺህ ያገኛል። የሠራው ሥራ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለዚህ ፊደል አያስፈልገውም። መምህሩ «የማይታወቀውን በፊደል ጻፍ» ሲለው «ለምን? መልሱን አውቄዋለሁ እኮ!» ቢል እውነት አለው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይለያል። «ሁለት ወንድማማቾች በጎቻቸውን በአንድ ዓይነት ዋጋ ሸጡ። ታላቁ 5 በጎችን ሸጦ ቀድሞ ከነበረው 4 ሺህ ብር ጋር ቀላቀለው። ታናሹ 3 በጎችን ሸጦ ከነበረው 24 ሺህ ብር ጋር ቀላቀለው። በመጨረሻ የሁለቱ ገንዘብ እኩል ሆነ። የአንዱ በግ ዋጋ ስንት ነበር?»

እዚህ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሱበት የታወቀ ድምር የለም። የማይታወቀው ዋጋ በታላቁም በታናሹም በኩል አለ። ልጁ ያለው ምርጫ፣ ያልታወቀውን ቁጥር ሳያውቀው እንደሚታወቅ አድርጎ መያዝ፣ ስም መስጠትና ግንኙነቱን መጻፍ ነው። የበጉን ዋጋ «ሀ» ብንለው የታላቁ ገንዘብ 5ሀ + 4,000፣ የታናሹ 3ሀ + 24,000 ይሆናል። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ፦

5ሀ + 4,000 = 3ሀ + 24,000

አልጀብራ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ነው። በስሌት ልጁ ወደ መልሱ ይሮጣል። በአልጀብራ ግን ሩጫውን ገትቶ፣ መልሱን ሳያውቅ በነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት መጻፍ ይጠበቅበታል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ አዲስ ልማድ ነው። ተማሪዎችን በቀላል ጥያቄ ብቻ ፊደል እንዲጠቀሙ ማስገደድ፣ ፊደሉ የማይረባ ጌጥ እንዲመስላቸው ያደርጋል። ስሌት ብቻውን የማይወጣውን ጥያቄ ቀድሞ ማሳየት ግን የፊደሉን ጥቅም ራሳቸው እንዲያዩት ያደርጋል።

«=» ማለት «ይሆናል» ብቻ አይደለም

የመጀመሪያው ማንሸራተቻ የእኩል ምልክት ነው። በታችኛው ክፍል ልጆች «5 + 3 =» የሚል አይተው መልሱን በቀኝ በኩል ይጽፋሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም «=» ማለት «መልሱን እዚህ ጻፍ» ማለት ይመስላቸዋል።

እ.ኤ.አ በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለ145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች 8 + 4 = □ + 5 የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ከመካከላቸው ትክክለኛውን መልስ የሰጠ አልነበረም። ከፊሎቹ 8ን እና 4ን ብቻ ደምረው 12 አሉ፤ ሌሎቹ ያዩትን ቁጥር ሁሉ ደምረው 17 አሉ። ትክክለኛው መልስ 7 ነው፤ በግራ 12 ካለ በቀኝም 12 መኖር አለበትና። እነዚህ ልጆች መደመር አያቅታቸውም፤ የምልክቱ ትርጉም ግን አልተነገራቸውም።

ይኸው ስሕተት በደብተር ላይም ይታያል። ልጁ 5ን ከ3 ጋር ደምሮ በ2 ማባዛት ሲፈልግ «5 + 3 = 8 × 2 = 16» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል። የመጨረሻው ቁጥር ትክክል ነው፤ ጽሑፉ ግን 5 ሲደመር 3 እኩል 16 ነው እንደማለት ነው። በስሌት ዘመን መምህሩ 16ን አይቶ «ልክ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በአልጀብራ ግን ይህ ልማድ ሁሉንም ያፈርሳል።

የእኩል ምልክትን እ.ኤ.አ በ1557 ያስተዋወቀው የዌልሱ ተወላጅ ሮበርት ሬኮርድ ነው። ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው፣ ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም በሚል ነበር። ምልክቱ ከጥንቱም ስለ መመጣጠን የሚናገር ነው።

ለዚህ ከገበያ ሚዛን የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን በዓይነ ኅሊናችን እናስቀምጥ። በግራ ሳህን ሁለት እኩል የጤፍ ከረጢቶችና 5 ኪሎ የብረት መመዘኛ አለ። በቀኝ ሳህን አንድ ተመሳሳይ ከረጢትና 30 ኪሎ መመዘኛ አለ። ሚዛኑ ተስተካክሎ ቆሟል። ከሁለቱም ሳህን አንዳንድ ከረጢት ብናነሣ ሚዛኑ አይናጋም፤ በግራ አንድ ከረጢትና 5 ኪሎ፣ በቀኝ 30 ኪሎ ይቀራል። አሁን ከሁለቱም 5 ኪሎ እናንሣ። አንዱ ከረጢት 25 ኪሎ መሆኑ በራሱ ይወጣል።

የወንድማማቾቹም ጥያቄ በዚሁ መንገድ ይፈታል። ከሁለቱም ወገን 3ሀ ሲነሣ 2ሀ + 4,000 = 24,000 ይሆናል። ከሁለቱም 4,000 ሲነሣ 2ሀ = 20,000 ይቀራል። ስለዚህ ሀ = 10,000። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ታላቁ 50 ሺህ እና 4 ሺህ፣ 54 ሺህ ብር፤ ታናሹ 30 ሺህ እና 24 ሺህ፣ 54 ሺህ ብር።

በየክፍሉ «ቁጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚል አቋራጭ ሕግ ይነገራል። ሕጉ መልስ ያስገኛል፤ ምክንያቱን ግን ይደብቃል። ቁጥሩ የትም አልተሻገረም፤ ከሁለቱም ሳህን እኩል ተነሣ እንጂ። ሚዛኑን ያየ ልጅ ሕጉን ቢረሳ እንኳ ራሱ መልሶ ያገኘዋል።

ፊደሉ ምንን ይወክላል?

ሁለተኛው ማንሸራተቻ ፊደሉ ነው። ብዙ ጊዜ ለማቅለል ተብሎ «በ ማለት በግ ነው፤ 5በ ማለት አምስት በጎች ነው» ይባላል። ይህ ቅን ማብራሪያ ቆይቶ ያሳስታል። በአልጀብራ ፊደሉ የሚወክለው ቁጥርን እንጂ እንስሳውን አይደለም። «በ» የአንድ በግ ዋጋ በብር ነው ካልን፣ 5በ ማለት የአምስት በጎች ዋጋ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው፦ «የአንድ በሬ ዋጋ የአንድ በግ ዋጋ 8 እጥፍ ነው።» የበሬውን ዋጋ «ረ»፣ የበጉን «በ» ብለው እንዲጽፉ ሲጠየቁ 8ረ = በ ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። በሬው ትልቅ ስለሆነ ትልቁን ቁጥር ከበሬው ጋር ያጣምሩታል። በቁጥር ሲፈተን ግን ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል፤ በሬው 10 ሺህ ብር ቢሆን በጉ 80 ሺህ ብር ሊያወጣ ነው! ትክክለኛው ረ = 8በ ነው። በጉ 10 ሺህ ብር ሲሆን በሬው 80 ሺህ ብር ይሆናል። ገበያ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ይህን ስሕተት ራሱ ለማረም ማንንም አይጠብቅም፤ የሚያስፈልገው ፊደሎቹን በቁጥር ተክቶ የመፈተን ልማድ ብቻ ነው።

ሌላው ማደናገሪያ የአጻጻፍ ነው። 5ሀ ማለት 5 ሲባዛ በሀ ነው። ልጁ ግን ሀ = 3 ሲባል 53 ብሎ ይጽፋል፤ በለመደው አጻጻፍ ጎን ለጎን የቆሙ ቁጥሮች አምሳ ሦስት ናቸውና። እዚህ ላይ የራሳችን የግእዝ ቁጥር ያግዘናል። ፳፫ ስንጽፍ ሃያ እና ሦስት ተደምረው ነው። ፭፻ ስንጽፍ ግን አምስት ከመቶ ጋር ተባዝቶ ነው። ጎን ለጎን መቆም አንዳንዴ መደመር፣ አንዳንዴ ማባዛት መሆኑን የግእዝ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ይጠቀምበታል። አልጀብራም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቁጥር ከፊደል ጎን ሲቆም ማባዛት ነው ብሎ ተስማማ።

ሦስተኛው የተለመደ ስሕተት 3 + 5ሀ ን ወደ 8ሀ መጨፍለቅ ነው። ልጁ መልስ ማለት አንድ ቁራጭ ነገር እንደሆነ ለምዷል፤ በመካከሉ «+» ያለበት ነገር ያላለቀ ሥራ ይመስለዋል። ሀ = 2 ብሎ ቢፈትን 3 + 10 = 13 ያገኛል፤ 8ሀ ግን 16 ነው። ስለዚህ አይተካኩም። 3 + 5ሀ እንዳለ የቆመ፣ የተሟላ መልስ ነው።

ቅንፍ እንደ ውል

ቅንፍ ለብዙ ተማሪዎች ትርጉም የሌለው አጥር ነው። በእኩል ለሚያርስ ገበሬ ግን ቅንፍ የእህል ጉዳይ ነው። የአውድማው ምርት «ሀ» ኩንታል ነው እንበል፤ 2 ኩንታል ደግሞ ለዘር ይነሣ።

በመጀመሪያው ስምምነት ዘሩ ከመሐል ተነሥቶ የቀረው ለሁለት ይከፈላል። የአራሹ ድርሻ (ሀ − 2) ÷ 2 ነው። በሁለተኛው ስምምነት ምርቱ መጀመሪያ ለሁለት ተከፍሎ አራሹ ዘሩን ከራሱ ድርሻ ያነሣል። የሚቀረው ሀ ÷ 2 − 2 ነው። ምርቱ 20 ኩንታል ቢሆን በመጀመሪያው ውል ለአራሹ 9 ኩንታል፣ በሁለተኛው 8 ኩንታል ይቀረዋል። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ቅንፉ ግን የአንድ ኩንታል ልዩነት አመጣ። ይህን በአውድማ ላይ በቃል የሚከራከር አባት፣ ልጁ በደብተር ላይ የሚማረውን ቅንፍ ያውቀዋል ማለት ነው።

የማይታወቀው እና የሚለዋወጠው

ፊደል ሁልጊዜ አንድ የተደበቀ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሚለዋወጥ መጠንም ሊሆን ይችላል። በትምህርት ቤት «ተለዋዋጭ» የሚባለው ለዚህ ነው።

መስኖ የሚያለማ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊከራይ ፈለገ እንበል። አንዱ አከራይ በሰዓት 250 ብር ይጠይቃል። ሌላው ለማጓጓዣ 400 ብር አስቀድሞ ተቀብሎ በሰዓት 150 ብር ያስከፍላል። የትኛው ይሻላል? መልሱ በሰዓቱ ብዛት ይወሰናል። ሰዓቱን «ሰ» ብንለው፣ ሁለቱ ክፍያዎች የሚስተካከሉት 250ሰ = 400 + 150ሰ ሲሆን ነው። ከሁለቱም 150ሰ ሲነሣ 100ሰ = 400፤ ሰ = 4 ይሆናል። ለ3 ሰዓት የመጀመሪያው 750፣ ሁለተኛው 850 ብር ስለሚጠይቁ የመጀመሪያው ይረክሳል። ለ6 ሰዓት ደግሞ የመጀመሪያው 1,500፣ ሁለተኛው 1,300 ብር ስለሚሆን ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ጊዜ የተጻፈው ግንኙነት ለሁሉም ሰዓት ያገለግላል። ይህ ከስሌት የማይገኝ የአልጀብራ ትሩፋት ነው።

በማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ለአንድ ማሳ 92 ኪሎ ናይትሮጅን በዩሪያ መስጠት ካስፈለገ 0.46ሀ = 92 ተብሎ ሀ 200 ኪሎ መሆኑ ይገኛል።

ፊደል ከመምጣቱ በፊት ቃል ነበረ

ልጆች ፊደሉን ቶሎ ባለመቀበላቸው ሊወቀሱ አይገባም፤ የሰው ልጅም ቶሎ አልተቀበለውም። ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት የተጻፈ አንድ የግብፅ ፓፒረስ፣ አንድ ያልታወቀ መጠን ከሰባተኛ ክፍሉ ጋር ተደምሮ 19 እንደሚሆን ነግሮ መጠኑን ይጠይቃል። ጥያቄው የአልጀብራ ነው፤ ፊደል ግን የለበትም።

«አልጀብራ» የሚለው ስም የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር ከነበረው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርዕስ ነው። ሊቁ መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰዎች በውርስ ክፍፍል፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ለሚገጥማቸው ሒሳብ እንዲያገለግል ነበር። «አልጀብር» የሚለው የዐረብኛ ቃል የተጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ የወጌሻን ሥራም ይገልጻል። ከአንዱ ወገን የተቀነሰውን ለሁለቱም ወገን ጨምሮ እኩልታውን ማቃናት፣ አጥንትን ወደ ቦታው እንደመመለስ ታይቷል።

አልኸዋሪዝሚ ይህን ሁሉ የጻፈው በቃል ነው። ፊደላትን ለሚታወቁትም ለማይታወቁትም መጠኖች በሥርዓት መጠቀም የጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪዬት እ.ኤ.አ በ1591 ነው። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ያለውን ኤክስን ለማይታወቅ ቁጥር የመጠቀም ልማድ ያስፋፋው ደግሞ ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ በ1637 ባሳተመው ሥራው ነው። ከቃል ወደ ፊደል ለመድረስ ከ700 ዓመታት በላይ ፈጅቷል። ልጅ ይህን በአንድ ሳምንት ክፍለ ጊዜ እንዲሻገር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይገኛል፦ መጀመሪያ በቃል መናገር፣ ቀጥሎ በሥዕል ወይም በባዶ ሣጥን ማሳየት፣ በመጨረሻ በፊደል መጻፍ።

መምህራንና ወላጆች ምን ያድርጉ?

ለመምህራን የሚረዱት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

- ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የእኩል ምልክትን በተለያየ መልክ ማሳየት። 7 = 3 + 4፣ 6 + 5 = 5 + 6፣ 9 = 9 የሚሉትን ጽፎ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ለምን?» ብሎ መጠየቅ።
- ከእንጨት፣ ከገመድና ከሁለት ክዳን ሚዛን ሠርቶ ጠጠርና ከረጢት ማስመዘን።
- መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁ እንዴት እንዳሰበ ማስነገር። ስሕተቱ ልጁ የያዘውን አሮጌ ሐሳብ የሚያሳይ መስኮት ነው።
- እያንዳንዱን መልስ ወደ ጥያቄው መልሶ በቁጥር ማስፈተን። እንዲህ የለመደ ተማሪ ልክ መሆኑን ለማወቅ የመምህሩን ቀይ እስክሪብቶ አይጠብቅም።
- በክፍልፋይና ከዜሮ በታች ባሉ ቁጥሮች ላይ ያለውን ክፍተት አስቀድሞ መሙላት። ሐሳቡ ገብቶት በስሌት የሚሳሳት ልጅም ጥቂት አይደለም።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ቢሆን የሚያደርገው አለ። ማታ በምድጃ ዙሪያ «በልብህ ቁጥር ያዝ» ማለት ይበቃል። «የያዝከውን እጥፍ አድርገው፤ 6 ጨምርበት፤ ለሁለት ክፈለው፤ መጀመሪያ የያዝከውን ቀንስ።» ልጁ ማንኛውንም ቁጥር ቢይዝ መልሱ 3 ነው። ከዚያ «እኔ እንዴት አወቅሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ ምስጢሩን ሲፈልግ በልቡ የያዘውን ቁጥር «ሀ» ይለዋል፤ እጥፉ 2ሀ፣ ሲጨመርበት 2ሀ + 6፣ ለሁለት ሲከፈል ሀ + 3፣ ሀ ሲነሣ 3 ይቀራል። ፊደሉ ማለት በልብ የተያዘው ቁጥር መሆኑ ያኔ ይገባዋል።

የመኸር ሥራ ሲበረታ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አለማስቀረትም ከወላጅ የሚጠበቅ ነው። ንባብን ያቋረጠ ልጅ ሌላ ገጽ ገልጦ ሊቀጥል ይችላል። አልጀብራ ግን እንደ ደረጃ ነው፤ የእኩልታን ሳምንት ያመለጠው ልጅ ቀጣዩን እርከን የሚረግጥበት አያገኝም። መቅረት ግድ ከሆነ፣ ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ ከክፍል ጓደኛው ጋር እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ «ይህ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረም» የሚለውን ፍርድ ማዘግየት ይገባል። የድርሻውን ኩንታል በአውድማ፣ የበጉን ዋጋ በገበያ፣ የሞተሩን ኪራይ በመስኖ ዳር አስልቶ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ፣ አልጀብራ የሚጠይቀውን አስተሳሰብ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የቀረው ያንን ከቃል ወደ ደብተር የሚያሻግርለት ታጋሽ መምህርና «እንዴት አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ነው።